ውሃው በየት ይውጣ?

(ይህ ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሰፈራችን ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። አብዛኛው አድማጭ ተከራይ ነበር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ቆርጬዋለሁ። በመሃል የተነሡትን ጥያቄዎች ግን እንዳሉ አስቀርቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

በር ላይ አንዲት እህቴ አስቆመችኝና "ጋሼ፣ የዛሬው ስብሰባ ስለ ምንድን ነው?" አለችኝ። "ስለ እርጥብ ካልሲ" አልኳት። ቀልድ መሰላትና ሳቀች። እዚህ ካላችሁት መሃል ሐምሌ ላይ እርጥብ ካልሲ አድርጎ ሥራ ሄዶ የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። … አየሽ እህቴ? አንድም ሰው የለም።

እኔ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ዞናችን አንድ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ልብስ ታሰጣለህ፣ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ደርቋል። እናቴ ክረምት ከበጋ ሳትል ነበር የምታጥበው። ከዚያ መምህር ሆኜ ተመደብኩና በደብረ ሲና አድርጌ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ እዚህ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ወሩ ሐምሌ ነበር። ሁለት ሱሪ ነበረኝ። አንዱን አጠብኩት፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላኛውን ብቻ ለበስኩ። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ሱሪ ማድረቅ አቃተኝ።

ዛሬ የማወራው በአንዲት ክፍል፣ ማድረቂያ ማሽን ሳይኖር፣ በክረምት ልብስ ስለማድረቅ ነው። በበጋው ችግር የለብንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ገመድ ላይ የረሳችሁት ሱሪ ጠዋት በረዶ ሆኖ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱም ቢሆን አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ስለሆነ እኩለ ቀን ሳይደርስ ቀልጦ ይደርቃል። በሬሳ ወንዝ ዳር ድንጋይና ሣር ላይ ልብስ ሲሰጣ ያየ ያውቀዋል። ጣጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ደብረ ብርሃን የኖረ አይመስለኝም።

አሁን ይህችን ሚዛን ተመልከቱልኝ። ከጎረቤቴ ሱቅ ተውሼ ነው ያመጣኋት። ይህ ደግሞ የቤቴ ፎጣ ነው። አንቺ ፊት ያለሽው፣ ደረቁን ስንት ይመዝናል? … 400 ግራም። ጥሩ። አሁን ሳፋው ውስጥ ነከርኩት። ጨመቅሁት። ሽማግሌ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ፣ ና አንተ ጎረምሳው፣ አንተም ጨምቅልኝ። … ጨርሰሃል? ከዚህ በላይ አይወጣም? እሺ መዝኑት። … 820።

መንጠባጠቡን አቁሟል። እኛም ጨመቅነው ብለን ረክተናል። ግን 420 ግራም ውሃ ውስጡ ቀርቷል። የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ይዟል ማለት ነው። በእጅ የተጨመቀ የጥጥ ልብስ ነገሩ ይኸው ነው። የቅዳሜ እጥበታችሁ ደረቁን 4 ኪሎ ቢሆን፣ ወደ 4 ሊትር ውሃ ተሸክማችሁ ወደ ቤት ገባችሁ ማለት ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስቡ። ጀሪካኑን ወለሉ ላይ አፍሱት ብላችሁ ትቆጡኛላችሁ። ገመድ ላይ ስትሰቅሉት ግን ያው ውሃ ነው፤ መንገዱን ብቻ ነው የቀየረው።

ፎጣውን እዚህ ወንበር መደገፊያ ላይ አጥፌ ልተወው። ስንጨርስ እንመዝነዋለን።

እንግዲህ ይህ 4 ሊትር የት ይሄዳል? ብዙ ሰው "ይደርቃል" ብሎ ያልፈዋል። መድረቅ ማለት ውሃው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከልብሱ ወደ አየሩ ተዛወረ ማለት ነው። አየሩ ደግሞ እንደ ጆንያ ነው፣ ልኩ አለው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2 ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። 15 ዲግሪ ሙቀት ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ ቢበዛ 13 ግራም ያህል የውሃ ተን ነው የሚይዘው። ስታባዙት ክፍሏ በሙሉ 400 ግራም እንኳን አትሞላም። ያውም ባዶ ብትሆን ነው። በክረምት አየሩ ገና ሲገባ ሦስት አራተኛውን ጠጥቶ ነው የሚገባው። የቀረው ቦታ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።

4 ሊትር ውሃ አለን። ቦታው አንድ ብርጭቆ ነው።

የተረፈው ምን ይሆናል? ከፊሉ ልብሱ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ የምትሸቱት እሱን ነው። ከፊሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ያርፋል። መስኮቱ ያልበዋል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ሌሊት ቆርቆሮው ከውስጥ ያለቅሳል፣ ጠዋት ብርድ ልብሱ ላይ ጠብታ ታገኛላችሁ፤ ጣሪያው አፈሰሰ ብላችሁ አከራዩን ትጠራላችሁ። አከራዩም ወጥቶ ያያል፣ ቀዳዳ የለም። ትጣላላችሁ። ከፊሉ ፍራሹ ውስጥ ይገባል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይጠቁራል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ ጓዳውም መኝታውም አንድ ነው፤ በርበሬውም ሽሮውም እዚያው ናቸው። ሻጋታ ልብስና እህል አይለይም።

የጭቃ ቤት እዚህ ላይ ይሻላል። ምርጊቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ቀን ሲሞቅ መልሶ ይሰጣል። በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን አይጠጣም። ላቡ እላዩ ላይ ይወርዳል። ቆንጆ ነው፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ለክረምት ልብስ ግን አይመችም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል። ፍሬ ነገሩ እርጥበት ያለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ የመተንፈሻ ሕመምና አስም ይበዛል ነው። ሳል የማያቋርጠው ልጅ ያላችሁ፣ ገመዱ ከአልጋው በላይ ነው ወይ? ብቻ ተመልከቱ።

(እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ መስኮት ክፈቱ ልትለን ነው አይደል? ውጭ እኮ ጉም ነው። ጉም አስገብተን ልብስ እናደርቃለን?")

ይሄ ዛሬ የተጠየቀ ምርጡ ጥያቄ ነው። እኔም ድሮ እንዲሁ ነበር የማስበው። እስቲ እናስላው።

ውጭ ጉም ነው እንበል፣ 10 ዲግሪ። ጉም ማለት አየሩ ጠግቧል ማለት ነው። 10 ዲግሪ ላይ የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 9 ግራም ተኩል ያህል ይይዛል። ጠገበ ያልነው ግን በዚያ ብርድ ነው። ይህ አየር ቤታችሁ ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ ልኩ ወደ 15 ግራም ተኩል ያድጋል። ጆንያው ሰፋ። አሁን በየሜትር ኩቡ 6 ግራም ውሃ የሚጨምርበት ቦታ አገኘ። ክፍሏ በሙሉ 180 ግራም። አየሩን አንድ ጊዜ ስትለውጡ 180 ግራም ውሃ ይዞላችሁ ይወጣል። ጉሙ እያለ!

ስለዚህ ነገሩ ማሞቅና ማስወጣት ነው። ሁለቱም። መስኮቱን ከፍተህ ቤቱ እንደ ውጭው ከቀዘቀዘ ጉሙ እውነትም ልብስ አያደርቅም፣ ልጁ ልክ ነው። ዘግተህ ብታሞቅም ጆንያው ይሞላና ያቆማል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቤቱ የሚሞቅበት ሰዓት አለ፤ ምሳ ሲበስል፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል። ያኔ በርና መስኮቱን ትይዩ ከፍቼ ለ10 ደቂቃ ነፋሱ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። እዘጋለሁ። ግድግዳውና ዕቃው ሙቀት ይዘው ስለቆዩ አዲሱ አየር ቶሎ ይሞቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ እከፍታለሁ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይህ ይሻላል፤ ያኛው ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ሲተን ሙቀት ይበላል። አንድ ሊትር ውሃ ከልብስ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ 1,000 ዋት ምድጃ ለ40 ደቂቃ ቢበራ የሚሰጠውን ያህል ነው። ያን ሙቀት ልብሱ ከየትም አያመጣውም፣ ከክፍላችሁ ነው የሚወስደው። ልብስ የተሰጣ ቀን ቤቱ ብርድ ብርድ የሚለው ለዚህ ነው። ብርዱ ሲበረታ በር ትዘጋላችሁ። በር ሲዘጋ ልብሱ አይደርቅም። ከዚያ ከሰል ይመጣል።

ስለ ከሰል ቀስ ብዬ ላውራ።

ያን የመጀመሪያ ክረምቴን፣ ያቺን አንድ ሱሪ ለማድረቅ፣ የከሰል ምድጃ አስገባሁ። ሞኝ አልነበርኩም። ውጭ አያይዤ፣ ጭሱን ጨርሶ፣ ፍም ሆኖ፣ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠበቅሁ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ ጭሱ ከወጣ አይጎዳም። በሩን ዘጋሁ። ሱሪውን ወንበር ላይ ዘርግቼ ተጋደምኩ። ራሴን ሲፈልጠኝ ትዝ ይለኛል። ጉንፋን መሰለኝ። ማቅለሽለሽ መጣ። ልነሣ ስል እግሬ ከዳኝ። ያዳነችኝ የአከራዬ ትንሽ ልጅ ናት፤ ባልዲ ልትዋስ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ደጃፉ ላይ ወድቄ አስታወክሁ።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይለበልብም። ያ ቀይ የሚያምር ፍም እያመነጨው ይቆያል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይይዘዋል፤ አያያዙ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ቦታ አይለቅም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉ ነው የሚያስፈራው። አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት ሎሚ ፍለጋ አትሩጡ። በሩን ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሱሪውስ? አልደረቀም ነበር። ሙቅ እርጥብ ሱሪ ሆኖ ጠበቀኝ። ቤቱ ዝግ ነበራ!

የላምባ ምድጃም ቢሆን አያዋጣም። ላምባ ሲነድ ራሱ ውሃ ይወልዳል፤ አንድ ሊትር ላምባ ስታነዱ ከአንድ ሊትር ያላነሰ ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይገባል። ልብስ ላድርቅ ብሎ ውሃ መጨመር ነው።

አያቴ መንዝ ነበረች። ቤቷ የድንጋይ ነው፣ ክዳኑ ሣር። እሳቱ መሃል ላይ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። በርኖሱም ባናውም ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ይደርቃል። ጭስ ጭስ ይላል፣ ይደርቃል ግን። ለምን ይደርቅ እንደነበር የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። የሣር ክዳን ይተነፍሳል። ሙቁ አየር ውሃውን ይዞ በሣሩ መሃል ይወጣል፣ በበሩ ሥር አዲስ ይገባል። እኛ ቆርቆሮ ከደንን፣ ኮርኒስ መታን፣ መስኮቱን በላስቲክ ጠቀጠቅን። ሣር ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ቁንጫውን አልረሳሁትም። ጭሱም የአያቴን ዓይን ጨርሶታል።

ሱፍንም አንድ ነገር ልበል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳን ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። የመንዝ ሰው በካፊያ በርኖስ ለብሶ የሚውለው ወዶ አይደለም። ግን ሲነኩት ደረቅ ነው ብላችሁ ሣጥን ውስጥ አትክተቱት፤ ብል ይወደዋል።

እሺ፣ ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ። አስቀድሞ ውሃውን በውሃነቱ ሳለ አውጡት። በጭምቂያ የወጣ ውሃ በነፃ ነው የወጣው፣ ሙቀት አልበላም። ማጠቢያ ማሽን ያለው ጎረቤት ካላችሁ እጥበቱን ተዉት፣ ማሽከርከሩን ብቻ ለምኑት። በደቂቃ 1,000 ዙር የሚሽከረከር ማሽን ልብሱ ላይ የሚተወው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ፎጣችን ግን ከመቶ በላይ ይዟል። ማሽን ከሌለ ሸሚዙን ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉትና ቁሙበት። ልጆች ካሉ እነሱ ይቁሙበት፤ ደስ ይላቸዋል። ለሹራብ ከዚህ የተሻለ የለም፣ አይለጠጥም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ሰዓት ቤት አታስገቡት። ዝናብ ቢሆንም ከክዳኑ ሥር፣ በረንዳ ላይ ይንጠባጠብ። እዚህ አገር ዝናቡ የሚወደው ከሰዓት በኋላውን ነው፤ ጠዋት ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ማታ አጥባችሁ በረንዳ ላይ አሳድሩት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሌላው ገና ሳፋ ሲፈልግ የእናንተ ተሰጥቷል።

ሲገባ ገመዱ በርና መስኮት በሚተያዩበት መስመር ይሁን። ጥግ ላይ የተወጠረ ገመድ ሻጋታ ነው የሚያሳድገው። በሁለት ልብስ መሃል እጅ ይግባ። ጂንስ ይገልበጥ፣ ኪሱ ይውጣ፣ ወገቡ በመቆንጠጫ ተከፍቶ እንደ ጆንያ ይንጠልጠል። አንሶላ በአንድ ገመድ ላይ ተጣጥፎ ከሚሰቀል በሁለት ገመድ ላይ እንደ ድንኳን ይዘርጋ። ምጣድ ያላችሁ፣ እንጀራው ተጋግሮ አልቆ፣ እንፋሎቱ በበር ወጥቶ፣ ምጣዱ ገና ሳይቀዘቅዝ ያለችው ሰዓት ወርቅ ናት። እየተጋገረ ሳለ ግን አይሆንም፤ ያኔ ማዕድ ቤቱ ራሱ ደመና ነው።

ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም በአንዴ ማጠብን ለክረምት ተዉት። ያቺን አንድ ብርጭቆ አስታውሱ። በየማታው አንድ ሸሚዝ፣ ሁለት ካልሲ። ዩኒፎርም ከተፈታ በዚያው ምሽት። ትንሽ ትንሽ ሲሆን ክፍሏ ትችለዋለች።

ከሸተተስ? ሽቶ አትርጩበት። ሽታው የሚመጣው እርጥቡ ላይ ከተባዙት ባክቴሪያዎች ነው። ነጭ የጥጥ ልብስ ከሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ለባክቴሪያ ግን 90 ይበቃል። ባለቀለሙን በሳሙና ደግማችሁ እጠቡና በአንድ ቀን አድርቁት። ካውያ የሚረዳው ለመጨረሻዋ እርጥበት ብቻ ነው።

(አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። "ልጄ፣ እኔ ጋቢዬን ከግንቦት ወዲያ ውሃ አላስነካውም። እስከ መስከረም እንዲሁ ነው።" አዳራሹ ሳቀ።)

አትሳቁ፣ እማማ ልክ ናቸው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በሐምሌ የታጠበ ጋቢ መካከሉ ሳይደርቅ ነሐሴ ይገባል። ግን እማማ፣ ለፍልሰታስ? በየቀኑ ቅዳሴ አለ፣ ነጠላ ነጭ መሆን አለባት።

("ነጠላዋንማ አጥቤ ጨምቄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋታለሁ። እስከ ቅዳሴው ማብቂያ ገላዬ ያደርቃታል።")

እሱንስ ተዉት እማማ። አሁን ያልኩት የምድጃው ሙቀት ከእርስዎ ገላ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ ነጠላ ይፈለግልዎ፣ አንዷ ስትለበስ አንዷ ትሰጣ።

ሌላ ጥያቄ ከሌለ ፎጣችንን እንመዝን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል። አንቺው አንብቢልን።

… 800።

(አንድ ሰዓት ሙሉ 20 ግራም። ሰው ሞልቶ ስለነበር የአዳራሹ መስታወት በሙሉ አልቦት ነበር። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ፣ ያ ስለ ጉሙ የጠየቀው፣ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ።)